ከሃላቃ ድግስ እስከ አፕል ችግኝ፦ በጋሞ ራስን ከሰው ማወዳደርና ረክቶ መኖር

በጋሞ ደጋ መስቀል የዓመቱ ዋና በዓል ነው። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን የከረመው የዶርዜ ሰው፣ አርባ ምንጭ ተቀጥሮ የሚሠራው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ፣ ሁሉም በመስከረም አጋማሽ ወደ ተወለደበት መንደር ይመለሳል። ቅቤው አስቀድሞ ተጠራቅሟል፤ ለሠንጋ መግዣው ሲዋጣ ከርሟል፤ የተጣላ ይታረቃል፣ ዕዳ ያለበት ይከፍላል። በዓሉ ግን ሌላም ሥራ ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ ተራርቀው የኖሩ አብሮ አደጎች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ማን ምን ለብሶ መጣ፣ የማን ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፣ ከቅርጫው ሙሉ መደብ የወሰደው ማን ነው፣ ከሌላ ጋር የተጋራውስ? ማንም ሳይጠይቅ ይታወቃል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህን መተያየት ነው። ሰው ራሱን ከሰው ጋር የሚያወዳድረው ለምንድን ነው? ማወዳደሩ እርካታ የሚያሳጣው በምን መንገድ ነው? የክርስትና እምነት ባለው ረክቶ መኖርን ሲያስተምርስ በተግባር የሚለውጠው ምኑን ነው? ጋሞ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተመቸ ቦታ ነው። ማኅበረሰቡ ሀብትንና ክብርን የሚያገናኝበት የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሥርዓት ላይ ያመጣችውን ለውጥም ተመራማሪዎች በቅርብ ተከታትለውታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መለኪያ ሲጠፋ

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ «ማኅበራዊ ንጽጽር» የተባለውን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ስለ ችሎታውና ስለ አቋሙ እርግጠኛ መሆን ይፈልጋል። የሚለካበት ነገር ካለ ይለካበታል፤ ከሌለ ሌላውን ሰው መለኪያ ያደርገዋል። የገብሱ ክብደት በሚዛን ይታወቃል። «ልጆቼን በደንብ አሳደግሁ ወይ? ዕድሜዬን በከንቱ ጨረስሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ሚዛን የለም። ስለዚህ ሰው ዘወር ብሎ አጠገቡ ያለውን ያያል።

የፌስቲንገር ሁለተኛ ነጥብ የሚወዳደረው ከማን ጋር እንደሆነ የሚያስረዳ ነው። ሰው የሚመርጠው የሚመስለውን ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ራሱን ከትልቅ አስመጪ ጋር አያስተያይም። የሚያስተያየው በአንድ ዓመት አብሮት ከዶርዜ ከወጣው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እግሩን ከሸማው ሥር ወዳለው ጉድጓድ ሰድዶ አብሮት ከሸመነው ባልንጀራው ጋር ነው። መነሻቸው አንድ ስለነበር የዛሬው ልዩነት ምክንያት ይፈለግለታል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይባላል፣ ወይ «እሱ በማይገባው መንገድ አገኘው» ይባላል። የመጀመሪያው ወደ ኀፍረት፣ ሁለተኛው ወደ ቅናት ይወስዳል።

ይህ ሲባል ማወዳደር በራሱ በሽታ ነው ማለት አይደለም። ልጅ ሽመና የሚማረው ታላቁን እያየ ነው። ጥለቱ መዛነፉንም የሚያውቀው ከተስተካከለው ጥለት ጋር ሲያስተያየው ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስለ ሥራው መረጃ ሲሰጥ የነበረው ንጽጽር ስለ ሰውየው ዋጋ ፍርድ መስጠት ሲጀምር ነው።

ፍርዱን የሚያከብዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መልመድ ነው። ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል በ1971 እንዳስረዱት፣ ሰው ኑሮው ሲሻሻል ይደሰታል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን አዲሱን ኑሮ ይለምደውና እንደ ተራ ነገር ያየዋል። ሁለተኛው ደረጃ ነው። ሳራ ሶልኒክና ዴቪድ ሄሜንዌይ በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ለነበሩ ሰዎች ምርጫ ሰጡ። ሌላው ሰው 25 ሺሕ ዶላር ሲያገኝ እነሱ 50 ሺሕ ቢያገኙ ይሻላል? ወይስ ሌላው 200 ሺሕ ሲያገኝ እነሱ 100 ሺሕ? ከመላሾቹ ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን መረጡ። በገንዘብ ያነሰውን፣ በደረጃ የበለጠውን ማለት ነው። እኛ አገር ሰው ሲሳካለት «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለው በቀልድም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ያገኘው ነገር ዋጋ የሚሞላው የሚያይለት ሲኖር ነው።

ሀብት ወደ ክብር የሚለወጥበት መንገድ

የጋሞ ደጋ በጥንት ዘመን «ደሬ» በሚባሉ አርባ ያህል ራሳቸውን የቻሉ ማኅበረሰቦች የተከፈለ ነበር። እያንዳንዱ ደሬ «ካዎ» የሚባል ባላባትና «ዱቡሻ» የሚባል የመሰብሰቢያ ሜዳ ነበረው። ዱቡሻ ላይ ወንዶች ተቀምጠው ስለ ድንበር፣ ስለ ጸብና ስለ ሹመት ይመክራሉ። ከሹመቶቹ ዋነኛው «ሃላቃ» ነው። ሃላቃ በውርስ አይገኝም፤ ጉባኤው መርጦ ይሾማል። የሚመረጠውም አብዛኛውን ጊዜ እጁ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ነው፤ ምክንያቱም ሹመቱ የሚጸናው ማኅበረሰቡን በተከታታይ በማብላት ነው።

ሮዳ ሃልፐሪንና ጁዲት ኦልምስቴድ ስለ ዶርዜ በ1976 የጻፉት ጥናት ርእሱ ራሱ ስለ «መያዝ» ይናገራል፤ ደጋሹ እየታደነ የሚያዝ ሰው ነው። ሀብታሙ ድግሱን ቢሸሽ ስሙ ይጠፋል፤ ቢቀበለው የዓመታት ጥሪቱ በቅቤ፣ በሥጋና በመጠጥ ያልቃል። በምላሹ የሹመቱን በትር ይይዛል፣ በመስቀል ሰሞን በገበያው መሐል በክብር ይታያል፣ የሹመት ጊዜውን ሲጨርስም ቃሉ ከሚሰማ ሽማግሌ ተራ ይገባል።

የዚህ ሥርዓት አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። ውድድርን አያስቀርም፤ እንዲያውም በአደባባይ ያካሂደዋል። ነገር ግን ሁለት ገደብ ያበጅለታል። አንደኛ፣ ትርፍ ሀብት ወደ ጎረቤት ሆድ ስለሚመለስ በሀብታሙና በድሃው መካከል ያለው ርቀት ይጠባል። ሁለተኛ፣ ውድድሩ ማብቂያ አለው። ሃላቃ የሆነ ሰው ሆኗል፤ ዳግመኛ ራሱን ማስመስከር አይጠበቅበትም። ከዚህ ጎን «ጎሜ» የሚባል እምነት ነበር፤ ሥርዓትን የጣሰ ሰው በራሱ፣ በከብቱ ወይም በማሳው ላይ መዓት ይመጣበታል የሚል። በመሆኑም አንዱ ሲከብር ሌላው ሲደኸይ ማብራሪያው ዝግጁ ነበር፤ የተቸገረው «ምን ጥሼ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል፣ ይናዘዛል።

ሥርዓቱ ለሁሉም አልነበረም። ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች ከዜጎች ተራ ውጭ ተደርገው ይቆጠሩ ስለነበር ወደ ሹመቱ አይቀርቡም ነበር። ሴቶችም ክብሩን የሚያገኙት በባሎቻቸው በኩል ነበር። ማን ከማን ጋር ሊወዳደር እንደሚችል ራሱ የተወሰነ ነበር ማለት ነው።

ክልሉ ሲሰፋ

በ1890ዎቹ ጋሞ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ግብርና ገበያ መጡ። ሸማኔው ለጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን ለአዲስ አበባ ይሸምን ጀመር፤ ብዙዎችም ወደዚያው ተሰደው ሽሮ ሜዳን መኖሪያቸው አደረጉ። በጥሬ ገንዘብ የተገኘ ሀብት እንደ መሬትና እንደ ከብት በግልጽ የሚታይ አይደለም፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ያሳየዋል፣ ሲፈልግ ይደብቀዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከቸንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፈተ፤ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በአባያና በጫሞ ዳርቻ ያለው ቆላም በሙዝ የአገሪቱ ገበያ ዋና አቅራቢ ሆነ።

የእነዚህ ለውጦች ድምር ውጤት የንጽጽሩ ክልል መስፋት ነው። የዱቡሻ ሰው የሚያየው የደሬውን ሰው ነበር። የዛሬው የአርባ ምንጭ ወጣት ሲቀላ ሰፈር ሆኖ በአንድ ምሽት በስልኩ የሴቻ ሰፈር ጓደኛውን ምረቃ፣ አዲስ አበባ ያለውን ያክስቱን ልጅ መኪና፣ ውጭ የወጣውን የክፍል ጓደኛውን ሠርግ ያያል። ሁሉም የሚመስሉት፣ አብረውት ያደጉ ሰዎች ናቸው። የሚታየው ግን የተመረጠው ቀናቸው ብቻ ነው፤ የሚያወዳድረው ደግሞ ከራሱ ሙሉ ኑሮ ጋር ነው። የሃላቃ ድግስ የነበረው ማብቂያ ለዚህ ዓይነቱ ውድድር የለውም።

ቤተ ክርስቲያንና የአፕል ዛፍ

ክርስትና ለጋሞ አዲስ አይደለም፤ የብርብር ማርያም ገዳም ለኦርቶዶክስ ክርስትና ጥንታዊነት ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል፤ መስቀልም የሁሉ በዓል ሆኖ ቆይቷል። የወንጌላውያን እንቅስቃሴ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1928 ወላይታ ሶዶ ደረሱ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚስዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ ሥራውን የያዙት የአገሬው ምእመናን ነበሩ፤ የወላይታ ወንጌላውያንም ወደ ጋሞ ተሻገሩ። ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ሥር የበቀለች ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ በጊዜው ጋሞ ጎፋ ዞን ከነበረው ሕዝብ ከግማሽ በላይ ፕሮቴስታንት፣ ከሩብ በላይ ኦርቶዶክስ ነበር።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመኖቻቸውን ከሃላቃ ድግስ፣ ከመሥዋዕትና ከመጠጥ አራቁ። ምክንያታቸው ሃይማኖታዊ ነበር፤ ውጤቱ ግን ወደ ኢኮኖሚውም ገባ። አንትሮፖሎጂስቷ ዴና ፍሪማን በጋሞ ደጋ ባሉት የዶኮ ማኅበረሰቦች ዘንድ ኖራ ያጠናችው ይህን ነው። አፕል የቸንቻ ብርድ የሚስማማው ተክል ነው፤ በሚስዮናውያን በኩል ገብቶ፣ በቃለ ሕይወትና በሌሎች የልማት ፕሮጀክቶች ወደ ገበሬው ተዳረሰ። ዛፉ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈልጋል፤ የተዳቀለ ችግኝ መሸጥ ደግሞ ከፍሬው ሽያጭ ባልተናነሰ አትራፊ ሆነ። ስለዚህ ገበሬው ትርፉን ይዞ መቆየትና መልሶ ሥራ ላይ ማዋል ነበረበት። በድግስ ያልቅ የነበረው ገንዘብ ይኸው ነው። እንደ ፍሪማን ትንታኔ፣ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት የገባ ሰው ከድግሱ ግዴታ በክብር የሚወጣበት መንገድ አገኘ። «ንፉግ» አይባልም፤ «አማኝ» ይባላል።

እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ነገር እናያለን። እምነቱ ሰውየውን ከቆየው ውድድር ነጻ አወጣው፤ እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፣ ይበልጥ ሠራ። ሀብቱ ከእጁ ሳይወጣ ስለቀረ ደግሞ በእሱና በጎረቤቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፋ። አንዱ የውድድር በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ። ከዚህ የምንረዳው፣ ግዴታን ማስቀረት ብቻውን እርካታ እንደማይሰጥ ነው። እምነቱ ለዚያ ሌላ መሣሪያ ይኖረው እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል።

እምነቱ የሚለውጠው ምኑን ነው?

የመጽሐፍ ቅዱሱን ትምህርት በዚህ ጉዳይ ብናሰባስበው ሦስት አሠራሮች ይታያሉ።

የመጀመሪያው ዳኛውን መለወጥ ነው። በዮሐንስ ወንጌል 21ኛ ምዕራፍ ጴጥሮስ ስለ ራሱ መጨረሻ ከሰማ በኋላ ወዲያው ዘወር ብሎ የሌላውን ደቀ መዝሙር ዕጣ ይጠይቃል። የሚያገኘው መልስ የሌላው ዕጣ የእሱ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ የእሱ ድርሻ መከተል እንደሆነ ነው። ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት እያንዳንዱ የራሱን ሥራ እንዲፈትን ይመክራል። በፌስቲንገር አነጋገር ከሄድን፣ መለኪያ በጠፋበት ቦታ መለኪያ ይሰጣል። «በተጠራሁበት ሥራ ታማኝ ነኝ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የጎረቤት ቆርቆሮ መልስ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ልዩነቱን ሳይክዱ የማያ ቦታን መለወጥ ነው። መዝሙር 73 (በግእዙ አቆጣጠር 72) የአሳፍ ነው። አሳፍ የክፉዎችን ሰላምና ጥጋብ አይቶ እንደ ቀናና ለመውደቅ እንደ ተቃረበ በግልጽ ይናገራል። መዞሪያው 17ኛው ቁጥር ላይ ወደ መቅደስ ሲገባ ነው። ከመቅደስ ሲወጣ ሀብታሞቹ አልደኸዩም፤ የተለወጠው እሱ ነገሩን የሚመዝንበት የጊዜ ርዝመት ነው። ዛሬን ብቻ ያይ የነበረ ሰው ፍጻሜውን ጨምሮ ያያል።

ሦስተኛው እርካታን እንደ ልምምድ መያዝ ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ከእስር ቤት ሆኖ፣ ለላኩለት እርዳታ ሲያመሰግን ነው። በ4ኛው ምዕራፍ ረክቶ መኖርን እንደ ተማረው ይናገራል፤ አብሮት የተወለደ ጠባይ አልነበረም። የተማረውም በማጣት ብቻ ሳይሆን በማግኘትም ጊዜ ነው፤ ጥጋብም ትምህርት ይፈልጋል ማለት ነው። በዚያው ምዕራፍ «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው 13ኛው ቁጥር በቤት ግድግዳና በባጃጅ መስታወት ላይ ሲለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ድል ማብሰሪያ ይነበባል። በቦታው ሲነበብ ግን የሚናገረው ርሃብንም ጥጋብንም ስለ መቻል ነው።

ልምምዱ በጋሞ አብያተ ክርስቲያናት የታወቀ መልክ አለው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ለሚያህሉ ቀናት ይጾማል፤ በእነዚያ ቀናት ሥጋና ቅቤ ከሀብታሙም ከድሃውም ገበታ ይነሣሉ። የሀብታሙ የጾም ገበታ ያማረ ሊሆን እንደሚችል የታወቀ ቢሆንም፣ ክብር የሚለካበት ዋናው ምግብ ለሁሉም እኩል ይቀራል። ወንጌላዊው ምእመን አሥራት ያወጣል፤ ከገቢው ከአሥር አንዱን መስጠት ቀሪው ዘጠኝ እንደሚበቃው በየወሩ በተግባር መናገር ነው። ምስጋና በሁለቱም ዘንድ የዘወትር ጸሎት ክፍል ነው። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክሎው በ2003 ባሳተሙት ሙከራ፣ በየጊዜው የሚያመሰግኑበትን ነገር የጻፉ ሰዎች ያስቸገራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ታይቷል። ምክንያቱ ከላይ ካየነው ጋር ይገጥማል፤ ምስጋና የለመዱትን ነገር እንደገና እንዲያዩት ስለሚያስገድድ መልመድን ያዘገየዋል። የሚጻፈው የራስ ቀን እንጂ የሌላው አለመሆኑም ሐሳቡን ከደረጃ ያነሣዋል።

የሚሰናከልበት ቦታ

እነዚህ አሠራሮች ሁልጊዜ አይሳኩም። የመጀመሪያው መሰናክል ቤተ ክርስቲያን ራሷ አዲስ ዱቡሻ ስትሆን ነው። በወንጌላውያን ጉባኤ የምስክርነት ጊዜ አለ፤ ምእመኑ ቆሞ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል። ዓላማው ምስጋና ነው። የሚመሰከረው ግን ሁልጊዜ ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤትና ስለ መኪና ከሆነ፣ በረከት ያልታየበት ሰው ድህነቱ ላይ የእምነት ማነስ ይጨመርበታል። ሀብትን የእግዚአብሔር ሞገስ ምልክት የሚያደርገው የብልጽግና ወንጌል ይህን አስተሳሰብ ትምህርት ያደርገዋል። አካሄዱ ከጎሜ ጋር ይመሳሰላል፤ የተቸገረው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ራሱን እንዲመረምር ይተዋል፣ ነገር ግን እንደ ሃላቃው ጎረቤትን የሚያበላ ድግስ የለውም። በኦርቶዶክሱም ወገን ጽዋና ሰንበቴ የፍቅር ማዕድ ሆነው የተሠሩ ቢሆኑም፣ ተረኛው ካለፈው ተረኛ ላለማነስ ተበድሮ መደገስ ሲጀምር ማዕዱ ወደ ውድድር ይዞራል።

ሁለተኛው መሰናክል የበለጠ ስውር ነው። ሁለት ዓይነት ንጽጽር አለ፤ አንዱ «እኔ የሚበቃኝ አለኝ፣ እሱ ግን ይበልጠኛል» የሚል ነው። ሌላው «ድርሻዬ ተወስዶብኛል» የሚል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ እነዚህን አይቀላቅልም። በማቴዎስ 20 በወይን ቦታ የሠራው ሠራተኛ የተስማማበትን ደሞዝ ተቀብሎ ስለ ሌላው ሲያጉረመርም ይገሠጻል። በያዕቆብ መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ግን ደሞዙ የተቀማው አጫጅ ጩኸት በእግዚአብሔር ዘንድ ይሰማል። የሸማኔው ጥበብ በነጋዴ እጅ ሲያልፍ ዋጋው እጥፍ ድርብ ሆኖ ለሸማኔው የማይደርስ ከሆነ፣ ወይም ሸክላ ሠሪ በመወለዷ ብቻ ከማዕድ የምትገለል ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር ራሷን ብታስተያይ፣ ንጽጽሩ ስለ በደል የሚሰጥ መረጃ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ተመስገን በል» ብሎ ዝም ማሰኘት እርካታን ማስተማር አይሆንም።

ማስረጃው ወዴት ያመራል?

እስካሁን የታየው ሲደመር ሦስት ነገር ይላል። ማወዳደር መለኪያ ፍለጋ ስለሆነ በመከልከል አይጠፋም፤ ሃላቃም አልከለከለውም፣ ወሰነው እንጂ። እምነትም የሚያደርገው ማጥፋት ሳይሆን መለኪያውን፣ የጊዜውን ርዝመትና የዘወትር ልምዱን መለወጥ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ አይጸናም፤ ፌስቲንገር እንዳለው ሰው የሚያየው አጠገቡ ያለውን ስለሆነ፣ አጠገቡ ያሉት ሌላ ነገር የሚያከብሩ ካልሆኑ በጸሎት ያገኘውን በገበያ ይጥለዋል።

ስለዚህ አንድ ጉባኤ ወይም ማኅበር ረክቶ መኖርን በእርግጥ ያስተምር እንደሆነ ለማወቅ ስብከቱን ከመስማት ይልቅ ሦስት ነገር ማየት ይሻላል። በመስቀል ሰሞን ድሃው አባል ሳይበደር አብሮ መብላት ይችላል ወይ? የጨመረለት ገበሬ ትርፉ ለጎረቤቱ የሚተርፍበት፣ ድግሱን የሚተካ መንገድ አበጅቷል ወይ? በደል ደርሶብኛል የሚል ሰው ቅናተኛ ሳይባል ይደመጣል ወይ? ለሦስቱም አዎ ማለት የሚቻልበት ቦታ ላይ እምነቱ የሃላቃን ሥርዓት መልካም ሥራ ተረክቦ፣ ያ ሥርዓት ወደ ውጭ የጣላቸውን ሰዎችም ወደ ማዕድ አቅርቧል ማለት ነው። አይቻልም ከተባለ የተለወጠው የውድድሩ ሜዳ ብቻ ነው።